ላይብረሪ የሚመጣው ሰው መጽሐፍ ሳይሆን ሶኬት ነው የሚጠይቀኝ (ደሴ)

ጦሳ ሥር
ሰኞ፣ ማታ 2:40

ሰላም ጀመዓ። ደሴ ውስጥ አንድ የሕዝብ ላይብረሪ ነው የምሠራው። የቤቱን ስም አልጠራም፤ ነገም ሥራ እገባለሁ።

የዛሬን ጠዋት ልንገራችሁ። በሩን ስከፍት 14 ልጆች ተሰልፈው ነበር። የደሴን የጠዋት ብርድ ታውቁታላችሁ፤ ጋቢ ደርቦ የመጣም አለ። ደስ አለኝ። ከ14ቱ መጽሐፍ የጠየቁኝ ሁለት ናቸው። ሌሎቹ በቀጥታ ወደ መስኮቱ ጠረጴዛ ሮጡ። ያ ጠረጴዛ ሁልጊዜ ቀድሞ የሚያዘው ለብርሃኑ ይመስለኝ ነበር። አንዷ ልጅ ዘግይታ ደረሰችና ቦታ አጣች። «እትዬ፣ የሚሠራው ሶኬት ይሄኛው ብቻ ነው እንዴ?» አለችኝ። ስልኳ 4 ፐርሰንት ላይ ነው። ዞሬ ሞከርኩት። አዳራሹ ስድስት ሶኬት አለው። የሚሠራው ሁለት ነው። ሁለቱም መስኮቱ ሥር ናቸው። እዚህ ቤት ስንት ዓመት ስሠራ አላውቅም ነበር። ልጆቹ ግን ያውቃሉ።

ስልኩ ላይ የሚያነቡት የመማሪያ መጽሐፋቸውን ነው። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት በ2015 ሲጀምር መጽሐፉ በጊዜ ታትሞ ስላልደረሰ በቴሌግራም ሶፍት ኮፒ እየተቀባበሉ ተማሩ። ከዚያ ወዲህ ለእነሱ መጽሐፍ ማለት ፋይል ነው። ግድግዳዬ ላይ ደግሞ «ስልክ መጠቀም በጥብቅ የተከለከለ ነው» የሚል ወረቀት አለ። በማርከር የጻፍኩት ራሴ ነኝ። ሁሉም ከሥሩ ተቀምጠው ስልክ ይነካካሉ፤ እኔም እንዳላየ አልፋለሁ።

ጥያቄዬ ይሄ ነው። ሰዉ ተለውጧል፣ ቤቱ እንዳለ ነው። እናንተ ብትሆኑ ከየት ትጀምሩ ነበር? «በጀት ይመደብ» የሚል መልስ አልፈልግም። እሱን ለስብሰባ ትቼዋለሁ።


ሐረጎ
ሰኞ፣ ማታ 2:52

ከሶኬቱ ጀምሪ። ጨረስኩ።


ጡረተኛው
ሰኞ፣ ማታ 3:20

አትቀየሚኝ ልጄ፣ ያን ወረቀት እንዳታነሽው። ላይብረሪ የስልክ ቻርጅ ማድረጊያ ከሆነ ሻይ ቤቱ ምን ሊሆን ነው?

እኔ 31 ዓመት አስተምሬ የወጣሁ ሰው ነኝ። በሳምንት ሁለት ቀን ላይብረሪ እሄዳለሁ። የምሄደው ለአዲስ ዘመን ጥራዝ ነው። ጋዜጣው ከ1933 ጀምሮ ሲታተም የኖረ ነው። ቅጠል በቅጠል ስገልጥ ዜናውን ብቻ አይደለም የማገኘው። የጤፍ ዋጋው፣ የሐዘን መግለጫው፣ የሲኒማ ማስታወቂያው፣ ሁሉም አብሮ ይመጣል። በቅርቡ አንድ ጥራዝ ብጠይቅ አንዱ ጎረምሳ «ጋሼ፣ ጎግል ላይ ይኖራል» አለኝ። የለም። ፈልጌዋለሁ። ሽማግሌ ስልክ አይችልም ብላችሁ እንዳትስቁብኝ።

ድሮ እዚያ አንድ ሠራተኛ ነበር፣ ነፍስ ይማር። «የአፍሪካ ዋንጫን የበላንበት ዜና» ስትለው ቀና ሳይል የ1954ን ጥራዝ፣ የጥርን ወር ያወጣልሃል። ፍለጋ ማለት ለእኛ እሱ ነበር። አሁን ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ኮምፒውተር ነው፣ እሱም ብዙ ጊዜ አይበራም።


ማትሪክ ተፈታኝ
ሰኞ፣ ማታ 3:41

ጋሼ በአክብሮት ነው፣ አይቆጡኝ። ከእነዚያ ተሰላፊዎች አንዱ ልሆን እችላለሁ።

እኛ ቤት አንድ ክፍል ውስጥ ስድስት ነን። ቴሌቪዥኑ አይጠፋም። ታናሽ ወንድሜ አይተኛም። እኔ ላይብረሪ የምሄደው ለወንበሩና ለዝምታው ነው። መጽሐፉ ስልኬ ላይ አለ፣ ወንበሩ ግን ስልኬ ላይ የለም።

ሌላም አለ። የ12ኛ ክፍል ፈተና ከ2016 ጀምሮ ለአንዳንዱ ተማሪ በኮምፒውተር እየተሰጠ ነው። እኔ ማውዝ የያዝኩት በሕይወቴ ሁለት ጊዜ ነው። አንዴ ለምዝገባ ኢንተርኔት ቤት፣ አንዴ ትምህርት ቤት፣ እሱም ለሦስት ልጅ አንድ ነበር። ጥያቄውን እያወቅኩት ጠቅ ማድረግ ሲያቅተኝ በሕልሜ ሁሉ አየዋለሁ። በ2014 ግማሽና ከዚያ በላይ አምጥቶ ያለፈው ከመቶ 3.3 ነው፣ በ2015 ደግሞ 3.2። በዚህ ላይ ማውዝ ሲጨመርበት አስቡት።

ስለዚህ እትዬ፣ ሁለት ኮምፒውተር ካለሽ ልምምድ አድርጊልን። ኢንተርኔት ባይኖረው ችግር የለም።


የሁለት ልጆች እናት
ሰኞ፣ ማታ 4:05

የኔ ጥያቄ አጭር ነው። 11:30 ላይ ለምን ትዘጋላችሁ? ከሥራ ወጥቼ ሰኞ ገበያ በታክሲ እስክደርስ በሩ ተዘግቷል። ቅዳሜ ከሰዓትም ዝግ ነው። ላይብረሪው ለሥራ አጥ ብቻ ነው እንዴ የተሠራው?


ጦሳ ሥር
ሰኞ፣ ማታ 4:12

እህቴ፣ እኔም ቤቴ 12 ሰዓት መግባት ስላለብኝ ነው። ዘበኛው አንድ ነው፣ ሠራተኞቹ ሁለት ነን። ለቅዳሜ ከሰዓት ግን ተራ እንገባ ብዬ ጓደኛዬን አነጋግራለሁ። ቃል አልገባም።


ኮምቦልቻ ኮድ
ማክሰኞ፣ ጠዋት 1:15

አብሽሪ እህቴ። ከኮምቦልቻ ነው የምጽፈው፤ እናንተ ጋቢ ስትደርቡ እኛ በሸሚዝ ነን። ሥራዬ ኮምፒውተር ነው። ብዙ ብር የማይበላ አንድ ነገር ልንገርሽ።

በ2015 ክረምት በክልሉ የሞባይል ዳታ ሲቋረጥ ትዝ ይልሻል? ቴሌግራም ላይ ያለ ፋይል ቀድሞ ካልወረደ የለም ማለት ነበር። ያኔ የእህቴ ልጆች የተረፉት በኪዊክስ ነው። ኪዊክስ ዊኪፔዲያን እንዳለ ጠቅልለሽ አውርደሽ ያለ ኢንተርኔት የምታነቢበት ነጻ ፕሮግራም ነው። ፋይሉን ደግነቱ ቀደም ብዬ አውርጄው ነበር። የአማርኛው ትንሽ ነው፣ ፍላሽ ላይ እንደ ልብ ይገባል። የእንግሊዝኛው ከነሥዕሉ ከ100 ጊጋባይት ይበልጣል፣ እሱ ሃርድ ዲስክ ይፈልጋል።

ለላይብረሪው የሚያስፈልግሽ ሦስት ዕቃ ነው። አንድ አሮጌ ላፕቶፕ፣ ስክሪኑ ቢሰበርም ግድ የለም። ሰርቨሩ፣ ማለት ፋይሉን ለስልኮቹ የሚያድለው፣ እሱ ነው። አንድ ሃርድ ዲስክ። አንድ የዋይፋይ ራውተር። ራውተሩ ከቴሌ መስመር ጋር መገናኘት የለበትም። ልጁ በስልኩ የላይብረሪውን ዋይፋይ ይከፍታል፣ የምትሰጭውን አድራሻ ይጽፋል፣ ገጹ ይመጣል። ሳንቲም አይቆርጥበትም።

እዚያው ላይ የትምህርት ሚኒስቴርን የመማሪያ መጽሐፎች በየክፍላቸው ደርድሪ። ፌት የሚባሉትንም ጫኝ። የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ የሠራቸው የሳይንስ ሙከራዎች ናቸው። ልጁ ስልኩ ላይ ሽቦ ከባትሪ ጋር አገናኝቶ አምፖል ያበራል፣ ከመጠን በላይ ከጫነው ባትሪው ይቃጠልበታል። ላብራቶሪው ከተቆለፈ ትምህርት ቤት ለሚመጣ ልጅ ትልቅ ነገር ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ ርካሽ ራውተር ሃያ ስልክ ሲገናኝበት ማቃሰት ይጀምራል። ሰልፍሽን አይቼ ነው።


ሐረጎ
ማክሰኞ፣ ጠዋት 1:22

ቲክቶክስ ይሠራል?


ኮምቦልቻ ኮድ
ማክሰኞ፣ ጠዋት 1:23

አይሠራም። ውበቱም እሱ ነው።


መጽሐፍ አዟሪ
ማክሰኞ፣ ቀን 6:30

ሁላችሁም ፒዲኤፍ ፒዲኤፍ ትላላችሁ። እኔ ፒያሳ መጽሐፍ አንጥፌ እሸጣለሁ። የመማሪያ መጽሐፉን ተዉት፣ እሱ የመንግሥት ነው። ልብ ወለዱስ?

አንድ ደንበኛ ይመጣል። መጽሐፉን ያነሳል፣ ይገልጣል፣ ዋጋ ይጠይቃል። ከዚያ ስልኩን አውጥቶ ሽፋኑን ፎቶ ያነሳል። መጀመሪያ ለሚስቱ ሊያሳይ ይመስለኝ ነበር። ርዕሱን ቴሌግራም ላይ ለመፈለግ ነው። አንዱማ ፊቴ ላይ ፈልጎ አገኘውና «ይኸው አለ» ብሎ አሳየኝ። ምን እንድለው ነው? እንኳን ደስ ያለህ ልበለው?

በ1996 የወጣው የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410 ደራሲው በሕይወት እያለ፣ ካረፈም በኋላ 50 ዓመት መብቱን ይጠብቃል። ላይብረሪ እንዲህ ያለውን ሰርቨር ላይ ከጫነ ደራሲውም እኔም ተበላን። ደረቅ መጽሐፍ ግዙና አውሱ። ሌላው ቢቀር የምታውሱትን ከእኔ ግዙ።


ጦሳ ሥር
ማክሰኞ፣ ቀን 7:10

ልክ ነህ ወንድሜ። ልብ ወለድ ሰርቨር ላይ አይወጣም። እኔ ራሴ ካንተ ሳልገዛ የቀረሁ አይመስለኝም፤ ከባንኩ ማዶ ዣንጥላ ሥር የምትቀመጠው አንተ ከሆንክ በዱቤ የሰጠኸኝ አንድ አለ።


መጽሐፍ አዟሪ
ማክሰኞ፣ ቀን 7:14

አለ። አልረሳሁትም።


የግቢ ላይብረሪያን
ማክሰኞ፣ ማታ 1:50

እኔ የከፍተኛ ትምህርት ላይብረሪ ውስጥ ነኝ፣ የት የሚለው ይቅር። የእናንተ ተጠቃሚ ሶኬት ይጠይቃል፣ የእኔው ደግሞ ያልተወለደ መጽሐፍ ይጠይቃል።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ተመራቂ ልጅ ዘጠኝ ማጣቀሻ በስልኩ ይዞ መጣ። «እነዚህን ፈልግልኝ» አለኝ። አምስቱን አገኘሁ። አራቱ የሉም። የጸሐፊው ስም ትክክል ነው፣ የማውቀው ሰው ነው። የመጽሔቱም ስም ትክክል ነው። ዓመቱም የሚመስል ነው። ጽሑፉ ግን የለም። የራሴን ችሎታ ተጠራጠርኩ። አንድ ሰዓት ሙሉ በእንግሊዝኛውም በሌላ አጻጻፍም ፈለግኩ። በመጨረሻ «ከየት አመጣኸው?» ብለው «ቻትጂፒቲ ነው የሰጠኝ» አለ፣ ያለ ምንም ሐፍረት። ሊያታልለኝ አልፈለገም። በእውነት ያሉ መስሎታል።

ያ ማሽን ካታሎግ፣ ማለት ያሉ መጻሕፍት ዝርዝር አይደለም። ቀጥሎ ሊመጣ የሚችለውን ቃል እየገመተ ይጽፋል። ማጣቀሻም ሲጠየቅ ማጣቀሻ የሚመስል ነገር ይጽፋል። ድሮ ሥራዬ ያለውን መጽሐፍ ማግኘት ነበር። አሁን ግማሽ ቀኔ የሌለውን «የለም» ብሎ ማረጋገጥ ሆኗል። ይሄ ደግሞ ይከብዳል። ያለው አንድ ቦታ ይገኛል፤ የሌለውን ግን ሁሉም ቦታ ነው የምትፈልገው።

አሁን ያደረግነው ነገር ቢኖር መግቢያው ላይ አንድ ጠረጴዛ አስቀምጠናል። ልጁ ዝርዝሩን ይዞ ይመጣል፣ አንዱን ብቻ አብረን እንፈትሻለን፣ ሌላውን ራሱ ይፈትሻል። ክልከላ አልለጠፍንም። ብንለጥፍም የእህታችን የማርከር ወረቀት ዕጣ ነው የሚደርሰው።


ጆሮዬ ያነባል
ረቡዕ፣ ጠዋት 3:00

ዓይነ ስውር ነኝ። የምጽፈውም የማነበውም በድምፅ ነው። ማንም ስላላነሳው ልጨምር።

ስካን የተደረገ ፒዲኤፍ ለእናንተ መጽሐፍ ነው። ለእኔ ባዶ ወረቀት ነው። ፎቶ ነዋ! አንባቢው ፕሮግራም ፎቶ ሲያገኝ «ምስል» ብሎ ዝም ይላል። 200 ገጽ መጽሐፍ ከፍቼ 200 ጊዜ «ምስል» የሰማሁበት ቀን አለ።

ሁለተኛው ጣጣ የድሮ ፎንት ነው። የአማርኛ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለት ኮምፒውተሮች ሁሉ የሚጋሩት የፊደል መለያ ውስጥ የገባው በፈረንጅ 1999 ነው፤ ከዚያም በኋላ ብዙ መሥሪያ ቤት በፓወር ግዕዝና በቪዥዋል ግዕዝ መጻፉን ቀጠለ። ያ ፋይል ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈት የላቲን ፊደልና ምልክት ድብልቅልቅ ይሆናል። እናንተ ፎንቱን ስትጭኑ ይስተካከላል። የእኔ አንባቢ ግን ፎንት አያይም፣ ከሥሩ ያለውን ነው የሚያነበው። የአንድ ጽሕፈት ቤት መመሪያ ስከፍት እርግማን የሚመስል ነገር ነው ያነበበልኝ።

መፍትሔ አለው። ቴሰራክት የሚባል ነጻ ፕሮግራም ከፎቶ ላይ የአማርኛ ጽሑፍ ያወጣል። ይሳሳታል፣ «ለ»ን «ሰ» ሊለው ይችላል፣ ግን ከባዶ ወረቀት ይሻላል። ኮምፒውተር ላይ ኢስፒክ የሚባለው የድምፅ ፕሮግራም አማርኛ ያነብልኛል። ድምፁ ወሎዬ አይደለም፣ ቆርቆሮ ነው፣ ለምጄዋለሁ።

ወንድሜ መጽሐፍ አዟሪ፣ ስጋትህ ይገባኛል። ኢትዮጵያ የተቀበለችው የማራኬሽ ስምምነት ግን የታተመ ሥራን ለእኔ ዓይነቱ አንባቢ በሚመች መልክ ማዘጋጀትን ይፈቅዳል። ለእኔ የሚዘጋጀው ካንተ ጉሮሮ አይነጠቅም። ድሮም ካንተ ልገዛው አልቻልኩም።


መጽሐፍ አዟሪ
ረቡዕ፣ ቀን 6:15

ያንተስ ሐቅ ነው። ይዘጋጅልህ።


ጦሳ ሥር
ረቡዕ፣ ማታ 2:30

ዛሬ ያጋጠመኝን ልጻፍና እንቅልፌን ልተኛ። ረዘም ይላል፣ ቡናችሁን አፍሉ።

አንድ ልጅ ካታሎጉ ኮምፒውተር ላይ «ጸሀይ» ብሎ ጻፈ። ስለ ፀሐይ ኃይል የሚያወራ መጽሐፍ ነው የፈለገው። «0 ውጤት» አለው። ትከሻውን ሰብቆ ሊወጣ ሲል ጠራሁት። መጽሐፉ ከጀርባው ሁለት ሜትር ላይ ነበር። ካታሎጉ ውስጥ «ፀሐይ» ተብሎ ነው የተመዘገበው፣ በፀሐዩ ፀ፣ በሐመሩ ሐ። ለኮምፒውተሩ ይሄ ሌላ ቃል ነው።

ለምን እንዲህ እንደሆነ አውቃለሁ። ጋሼ ያነሷቸው ሠራተኛ፣ አላህ ይዘንላቸው፣ ካርዱን ሁሉ በእጃቸው ነበር የሚጽፉት። ፊደል አይስቱም። ንጉሡ ሠ ከእሳቱ ሰ፣ ዓይኑ ዐ ከአልፋው አ አይቀላቀልባቸውም። እሳቸው ካረፉ በኋላ ካርዱ ወደ ኮምፒውተር ተገለበጠ። ከዚያ 2014 መጣ።

ጥቅምት መጨረሻ ላይ ከተማዋ ስትያዝ ቤቴን ቆልፌ ወጣሁ። ኅዳር መጨረሻ ስመለስ የላይብረሪው በር ተሰብሯል። ኮምፒውተሮቹ የሉም። ማውዙ እንኳ የለም። የካታሎጉ ቅጂ የት ነበር? እዚያው ኮምፒውተር ውስጥ። የካርዱ መሳቢያ ግን ተገልብጦ ወለሉ ላይ ነው። ካርዶቹ እንደ ጉዝጓዝ ተበትነዋል፣ ተረግጠዋል። ማንም አልወሰዳቸውም። ማን ምን ያደርግላቸዋል? ሦስት ሳምንት ተንበርክኬ ለቀምኳቸው። አንዱ ላይ የጫማ ሶል ማተሚያ የመሰለ አሻራ አለ። ቁጥሩ 963 ነው፣ የኢትዮጵያ ታሪክ መደብ። አልጣልኩትም፣ ሌላ ካርድም አልተካሁለትም።

አዲሱን ካታሎግ ከእነዚያ ካርዶች የገለበጡት አምስት የክረምት በጎ ፈቃደኛ ልጆች ናቸው። አላህ ይስጣቸው፣ ፈጥነው ሠሩ። ግን አንዱ እንደ ካርዱ ጻፈ፣ ሌላው እንደ ስልኩ ኪቦርድ። አሁን አንድ ደራሲ ሦስት ቦታ ነው ያለው። «ቤተ መጻሕፍት» የሚለው ቃል ራሱ ተነጥሎም፣ ተያይዞም፣ በሰረዝም ይገኛል። ቤታችንን ቤታችን ውስጥ ፈልጌ አጣሁት።


ኮምቦልቻ ኮድ
ረቡዕ፣ ማታ 3:05

የጫማው አሻራ አስለቀሰኝ፣ ወላሂ። ወደ ሥራው ልግባ።

«ፀሐይ»ን ቁጠሪው። የመጀመሪያው ፊደል ሁለት ዓይነት ነው፣ ፀ ወይም ጸ። ሁለተኛው ስድስት ነው፣ ሀ ሃ ሐ ሓ ኀ ኃ። 12 አጻጻፍ ሆነ ማለት ነው። ሰው 12ቱንም አንድ አድርጎ ያነባል። ማሽኑ 12 ቃል ያያል።

የምትጠቀሙት የካታሎግ ፕሮግራም ኮሃ ነው ብዬ ልገምት፣ አብዛኛው ሰው እሱን ነው የሚተክለው። ኒው ዚላንድ ውስጥ ለአንድ ትንሽ አካባቢ ላይብረሪ ተሠርቶ በፈረንጅ 2000 መባቻ ሥራ የጀመረ ነጻ ፕሮግራም ነው፣ ስሙ በማኦሪ «ስጦታ» ማለት ነው። ፍለጋው ከመጠቆሚያ (ኢንዴክስ)፣ ማለት ፕሮግራሙ ከመዝገቦቹ ቃላት ለራሱ ከሚሠራው ዝርዝር ነው የሚያነበው። መጠቆሚያው ሲሠራ «ሐንና ኀን እንደ ሀ ቁጠር፣ ሠን እንደ ሰ፣ ዐን እንደ አ፣ ፀን እንደ ጸ» የሚል ደንብ ይሰጠዋል። በሰባቱም ዝርዝር፣ ማለት ከግዕዝ እስከ ሳብዕ፤ ሃንም እንደ ሀ፣ ኣንም እንደ አ። የሚፈልገውም ቃል በዚያው ወንፊት ያልፋል። ሁለቱ ይገናኛሉ። ደንቡን ጽፎ እንደገና ማስጠቆም የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። ዝርዝሩን ግን ፊደል የሚያውቅ ሰው ይይልኝ፣ እኔ ትምህርት ቤት እያለሁ ዲክቴሽን እወድቅ ነበር።

የደራሲውን ስምም ተመልከቱ። ከውጭ ካታሎግ የተወረደ መዝገብ ካላችሁ «አበበ ከበደ»ን ገልብጦ «ከበደ፣ አበበ» ብሎት ይሆናል። እኛ ጋ ከበደ አባቱ እንጂ የቤተሰብ ስም አይደለም። ዓመቱም እንደዚያው። 1987 የኛ ነው የፈረንጅ? ካልተጻፈበት ሰባት ስምንት ዓመት ይዛነፋል።

ቅጂውን በተመለከተ አንዱን እዚያው፣ አንዱን ሌላ ሕንጻ፣ አንዱን ለእኔ ላኪልኝ። 25 ኪሎ ሜትር ቁልቁል ነው። ፍላሹን ለታክሲ ረዳት ስጪው።


ሐረጎ
ረቡዕ፣ ማታ 3:11

ረዳት ይሰጥህና መልስ ይረሳል። በእኔ ላኪ፣ በየቀኑ እመላለሳለሁ።


ጡረተኛው
ሐሙስ፣ ጠዋት 2:45

ቆዩ፣ ቆዩ። ሠንና ሰን አንድ ልታደርጉ ነው? «ሰረቀ» ሌባ ነው፣ «ሠረቀ» ፀሐይ ወጣች ነው። ሠራተኛው ዕድሜ ልኩን የለየውን እናንተ በአንድ ከሰዓት ልትደፈጥጡት?


ኮምቦልቻ ኮድ
ሐሙስ፣ ጠዋት 3:02

ጋሼ፣ አይነካም። ስክሪኑ ላይ የሚታየው እሳቸው እንደጻፉት ነው። የሚደፈጠጠው ከሥር ያለው፣ ማንም የማያየው መጠቆሚያ ብቻ ነው። ልጁ ተሳስቶ ይጽፋል፣ ትክክለኛውን አጻጻፍ ያገኛል። እንዲያውም ያኔ ነው የሚማረው።


ጡረተኛው
ሐሙስ፣ ጠዋት 3:30

እንዲህ ከሆነ ጥሩ። ዝርዝሩን እኔ አየዋለሁ። በወረቀት አምጡልኝ፣ በስልክ አላይም።

ስለ ዝርዝር ካነሳችሁ አንድ ነገር ልበል። ሐይቅ እስጢፋኖስ ከዚህ ሩቅ አይደለም። እዚያ በ13ኛው መቶ ዘመን በአባ ኢየሱስ ሞዓ ወንጌል ላይ የገዳሙ መጻሕፍት ዝርዝር ተጽፏል። ካታሎግ ነው እንግዲህ፣ ብራና ላይ። በ1960ዎቹ አጋማሽ የተጀመረው የብራና መጻሕፍት ማይክሮፊልም ሥራ ያንንም ወንጌል አንስቶታል። አንስተው ግን ብራናውን አልጣሉትም። እኔ የምለው ይሄንኑ ነው። ጥራዙን ስካን አድርጉ፣ ደስ ይለኛል፣ ዓይኔም ደክሟል። ስካን ካደረጋችሁ በኋላ «ቦታ ያጣብባል» ብላችሁ ለስኳር መጠቅለያ እንዳትሸጡት። ሲሸጥ አይቻለሁ።


ጆሮዬ ያነባል
ሐሙስ፣ ቀን 8:20

ጋሼ፣ በዚያው በየቤቱ በየሳጥኑ ያሉትን የዐጀሚ ጽሑፎችም አስቡ። አያቴ መንዙማ በአረብኛ ፊደል፣ በአማርኛ ቃል ጽፈው ትተዋል። ቤተሰቡ ውስጥ የሚያነበው አንድ አጎቴ ብቻ ነው፣ ለእኔ ያነበበልኝም እሱ ነው። ይሄን የሚያውቅ ማሽን እስካሁን አላጋጠመኝም።


ጦሳ ሥር
ሐሙስ፣ ማታ 1:15

አጎትህን ይዘኸው ና። ሰርቨሩ ላይ ድምፅም ይቀመጣል። እሱ ሲያነብ እንቅዳው፣ ወረቀቱን በስልክ ፎቶ እናንሳው፣ ሳጥኑ ግን ቤታችሁ ይቆይ። ማንም ከእጃችሁ አይወስድም።


ማትሪክ ተፈታኝ
ዓርብ፣ ማታ 12:40

እትዬ፣ የማውዙ ነገርስ?


ጦሳ ሥር
ቅዳሜ፣ ማታ 2:00

ማውዙ አለ። ከሰዓት ከፍቼ ነበር፣ አላየሁህም።

የሳምንቱን ልንገራችሁ። የጎረቤቴ ልጅ ኤሌክትሪሺያን ነው፣ በምሳና በአቦል ሠራልኝ። ከአራቱ የሞተ ሶኬት ሦስቱ ተነሡ። አራተኛው ግድግዳው ውስጥ ሽቦው ተቆርጧል፣ እሱ ስብሰባ ይጠብቃል። ወረቀቱን አንስቼዋለሁ። በምትኩ «ስልክ በጸጥታ» ብዬ ጻፍኩ። ጋሼ አይተው «በጸሎቱ ጸ ነው የጻፍሽው፣ እሺ» ብለው አለፉ። የፊደሉን ዝርዝር በማጉያ መነጽር ሁለት ሰዓት አይተው ሦስት ስሕተት አወጡ። ከኮምቦልቻ ላፕቶፑ መጣ፣ ስክሪኑ የተሰነጠቀ። ሐረጎ ነው ያመጣው፣ መልስም አልረሳም።

የቀረኝ የዋይፋዩ የይለፍ ቃል ነው። ምን ልበለው?


ጡረተኛው
ቅዳሜ፣ ማታ 2:10

«ፀሐይ» በይው። በትክክል የጻፈ ብቻ ይግባ።


ማትሪክ ተፈታኝ
ቅዳሜ፣ ማታ 2:11

ጋሼ! 12 ጊዜ ልሞክር ነው?


ኮምቦልቻ ኮድ
ቅዳሜ፣ ማታ 2:15

ራውተሩ የኛን ፊደል አይቀበልም። ቁጥር ይሁን፣ ከስምንት አኃዝ እንዳያንስ።


ጦሳ ሥር
ቅዳሜ፣ ማታ 2:31

13051954። ለምን እንደሆነ ማወቅ የፈለገ ሰኞ ይምጣና የጥርን ጥራዝ ይጠይቀኝ።